ወረቀት ሲያሸንፈን ቤተ መጻሕፍት ገባን

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ቁጭ ብለው ጥልፍ ለሚጠልፉ፣ ጥጥ ለሚፈትሉ፣ መሶብ ለሚሰፉ እህቶቼና እናቶቼ ነው። ትንሽ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች። እኔ ጠላፊ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩትም በእሱ ነው። ሙያችን እንጀራ እንደሚያበላ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። የሚጎዳን ሌላ ነገር ነው። ወረቀት ነው። የትእዛዝ ወረቀት፣ የውል ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ማመልከቻ። መርፌና ክር ይዘን ማንም አይችለንም፤ ወረቀት ሲመጣ ግን አንገታችንን እንደፋለን። እኔ ከዚህ ጣጣ የወጣሁት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በኩል ነው። እናንተ ሳትጎዱ ቀድማችሁ በሩን እንድታንኳኩ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ሥራውን ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። ጥልፍ ወቅት አለው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ለእኛ ተረት ብቻ አይደለም፤ ኑሯችን በእሱ ነው የሚቆጠረው። ከኅዳር ጀምሮ ትእዛዝ ይበዛል። ከዚያ የጥር ሠርግ አለ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ የሠርግ ወቅት ይመጣል። በዐቢይ ጾም ግን ሠርግ የለም፤ እጃችን ይደርቃል። ነጋዴዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ዋጋ ሊያወርዱብን ሲፈልጉ በጾሙ ነው የሚመጡት።

አብዛኛዎቻችን የምንሠራው በፍሬ ነው። ነጋዴው ጨርቁንና ክሩን ያመጣል፣ እኛ ጠልፈን እናስረክባለን፣ በቀሚስ ይከፈለናል። ቀሚሱ ሱቅ ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ የምንሰማው በወሬ ነው። ማን እንደጠለፈው ደግሞ ገዢዋ አታውቅም።

በዚህ ላይ የኮምፒውተር ጥልፍ መጣ። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፤ ከሩቅ ሲታይም አይለይም። ለማወቅ የፈለገ ሰው ገልብጦ ጀርባውን ይይ። የማሽኑ ጥልፍ በጀርባው አንድ ዓይነት ክር፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ተደርድሮበት ይታያል። ጨርቁ እንዳይሸበሸብ የተለጠፈው ወረቀት መሳይ ነገርም ቅሪቱ አይጠፋም። በእጅ የተጠለፈው ግን ጀርባው ላይም ያው የፊቱ ቀለም ነው ያለው። ክሩ የት እንደተሻገረ፣ የት እንደተቋጠረ ይለያል። ጎበዝ ጠላፊ ቀሚሱን ገልብጠው ሲያዩባት አታፍርም። ገዢዎችም ይህችን ብትለምዷት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ዓመት ከበዓል በፊት አንድ ነጋዴ ትልቅ ትእዛዝ ይዞ መጣ። ልብሱ ውጭ አገር ላሉ ደንበኞቹ እንደሚሄድ ነገረን። ለብቻዬ የምወጣው ሥራ ስላልነበረ የሰፈር ሴቶችን ሰበሰብኩ። ንድፉንም ከእኛው ፈለገ። «የራሳችሁን አሳዩኝ እስቲ» አለ። እኔ በልጆቼ ደብተር ጀርባ የምሥላቸውን አወጣሁ፤ ሌሎቹም ያላቸውን አመጡ። ከዚያ ወረቀቱ ወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እሱ በአፉ በአማርኛ ነገረን፦ ግማሹ ቅድሚያ፣ ግማሹ ስታስረክቡ። ፈረምን። መጻፍ የማይችሉት ጣታቸውን አሳረፉ።

ቅድሚያው ሲመጣ ከተባለው ያነሰ ነበር። ይሁን ብለን ሌት ተቀን ሠርተን በቀኑ አስረከብን። ቀሪው ገንዘብ ግን ዛሬ ነገ ሆነ። ቆይቶም ስልካችንን ማንሳት ተወ። የባሰው ከበዓሉ በኋላ መጣ። ክር ልገዛ ሽሮ ሜዳ ሄጄ የራሴን ንድፍ ሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ አየሁት። በኮምፒውተር የተጠለፈ። የሐረጉ አዟዟር፣ መስቀሉ ሥር ያለችው ትንሽ ነጥብ ሳትቀር የእኔው ናት። ነጋዴውን አፈላልገን ስንጠይቀው ወረቀቱን ዘረጋልን። «ፈርማችሁ የለ እንዴ?» አለ።

ሴቶቹ እኔን አምነው ነው የገቡት። አንዷ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትከፍለው በዚያ ገንዘብ ነበር። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

መላው ካላሰብኩት ቦታ መጣ። የጎረቤቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። ለማጥናት በአቅራቢያችን ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች። የወረቀቱን ቅጂ ወስዳ እዚያ ለምትሠራው ልጅ አሳየቻት። ማታ ስትመለስ «እትዬ፣ ራሳቸው ይምጡ ብላለች» አለችኝ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አላውቅም ነበር። በደጁ ሳልፍ የማየው ተማሪ ብቻ ነው። የእኛ ዓይነቱ ሴት እዚያ ምን ትሠራለች?

ጥበቃውም ያሰበው ይህንኑ ነው። «እናቴ፣ ይሄ እኮ የተማሪ ነው» አለኝ። ቦርሳዬን ሲፈትሽ መቀስና የመርፌ ማኅደሬን አገኘና ጭራሽ ግራ ገባው። በክፋት አይደለም፤ ስለት አይገባም ተብሎ ታዟል፣ እሱም ትእዛዙን ይፈጽማል። የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ መጥታ ነው ያስገባችኝ። እናንተም ስትሄዱ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ተናዳችሁ እንዳትመለሱ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማለት የሕዝብ ነው። መታወቂያችሁን አሳዩ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጥሩልኝ በሉ።

ልጅቷ ወረቀቱን መስመር በመስመር አነበበችልኝ። መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣለች፤ የማትተማመንበት ቃል ሲመጣ ዝም ብላ አትገምትም፣ ታያለች። ወረቀቱ ቀሪው ክፍያ «ስታስረክቡ» ሳይሆን ዕቃው ተሸጦ ሲያልቅ ይላል። የሚከፈልበት ቀን የለውም። ንድፎቹ ደግሞ ከፊርማው በኋላ የገዢው ናቸው ይላል። የሰማነውና የፈረምነው ለየቅል ነበር።

ይህን አውቀን ከሽማግሌዎች ጋር ስንሄድ ነጋዴው ቀለል አለ። በአፍህ ያልካቸው ሌላ፣ ያስፈረምካቸው ሌላ ነው ሲሉት ከቀሪው የተወሰነውን ከፈለ። ሁሉንም አላገኘንም። ንድፉም አልተመለሰም። ያቺ ወረቀት ከመፈረሟ በፊት ተነብባ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው፦ ያላነበባችሁትን ወረቀት ነገ እፈርማለሁ በሉ። በዚህ መሀል ቤተ መጻሕፍት ውሰዱት። «አሁን ካልፈረማችሁ ትእዛዙ ይሄዳል» የሚል ሰው ከመጣ ትእዛዙ ይሂድ።

ልጅቷ በዚያ አላበቃችም። ከመደርደሪያ ነጋሪት ጋዜጣ አመጣችልኝ። ሕግ የጠበቃ ቤት ብቻ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ ገጹ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ነው። ማንበብ ለሚችል ሰው ሁሉ የተጻፈ ነው። እዚያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ላይ ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ይናገራል። አዲስ ንድፍ ያወጣ ሰው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቦ ለአምስት ዓመት ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለት ጊዜም ለአምስት አምስት ዓመት ሊያሳድሰው ይችላል። የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው የሚመዘገበው። ከእናት ከአያት የወረስነው መስቀልና ሐረግ የማናችንም የግል አይደለም፣ ማንም ሊያስመዘግበው አይገባም። እኔ ከራሴ አውጥቼ ያዋሃድኩት አዲስ ንድፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ማወቄ ብቻ ከነጋዴ ጋር ስቀመጥ አነጋገሬን ቀይሮታል።

ከዚያ በኋላ ነው «ሌሎቹን ሴቶች ለምን አናመጣም?» ያልናት። እሷም አለቃዋን አስፈቀደች። ከምሳ በኋላ ተማሪ የሚቀንስበት ሰዓት ላይ በመስኮቱ በኩል ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ሰጡን። እዚህ ላይ የመብራቱን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ብዙዎቻችን የምንጠልፈው ጨለም ባለ ቤት ነው። አንዲት እናት ዓይኔ ጠፋ ብላ ሙያውን ልትተው ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ራሷ አስገባች። ኋላ የማንበቢያ መነጽር ስታደርግ ደግሞ ጭራሽ ዕድሜዋ የቀነሰ ነው የመሰላት። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ማየት ሲቀንስ የብዙ ሰው ነገር ነው እንጂ የሙያ መጨረሻ አይደለም። ተመርመሩ።

ጠረጴዛው ላይ የጀመርነው የመጀመሪያ ሥራ መዝገብ ነው። ተራ ደብተር። እያንዳንዱ ሥራ ሲያልቅ በስልክ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ እናነሳለን። በደብተሩ ላይ ማን እንደሠራው፣ ቀኑን፣ የክሩን ዓይነትና ዋጋ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ እንጽፋለን። መጻፍ ለማይችሉት ተፈታኝ ተማሪዎች ይጽፉላቸዋል። ልጆቹ ከጥናት ለእረፍት ሲወጡ ይመጣሉ፤ በለውጡ መርፌ አያያዝ የተማሩም አሉ፣ ወንዶችም ጭምር።

ይህ ደብተር ሁለት ነገር አደረገልን። አንደኛ፣ ይህ ንድፍ የማን ነው የሚል ክርክር ሲነሳ ቀንና ፎቶ አለን። ሁለተኛው ዋጋ ነው። እኛ ዋጋ የምናወጣው «ሌላዋ በስንት ሠራች» ብለን ነበር። ሰዓቱን መጻፍ ስንጀምር ግን አንዳንዱ ቀሚስ ከክሩ ወጪ ሌላ ምንም እንደማያስገባልን አየን። ቀኑን ሙሉ ጠልፎ የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው በታች! በደብተሩ ተደግፈን አንዳንድ ሥራ አንቀበልም ማለት ጀመርን። ፈታዮችም ይህን እንዲይዙ እለምናለሁ። ባዘቶውን፣ ድካሙን፣ የፈትሉን ቅጥነት ማንም አይቆጥርላቸውም። ዛሬ ለሸማው ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ የእጅ ፈትል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ ማግ ነው ልብሱን የሚያስወድደው።

አሁን ደስ ስለሚለኝ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቀሚስ ከፈተችልን። ለንደን ያለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስቡን በድረ ገጽ አስቀምጧል፤ ማንም በነፃ ያየዋል። ቀሚሱ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከተወሰዱት ቅርሶች አንዱ። እቴጌይቱ ራሳቸው ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ወደ ባሕር ሲወሰዱ መንገድ ላይ ነው የሞቱት። ቀሚሱ ግን አለ። ጥጥ ነው፣ በቀለም በቀለም ሐር የተጠለፈ።

ሴቶቹ ስክሪኑን ከበቡት። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ የሙያው ሰው ሌላውን ነገር ሁሉ ትቶ መርፌውን ነው የሚያየው፦ «አጉይው እስቲ፣ እዚያ ጋ፣ ክሩ የተመለሰበትን።» ከመካከላችን ትልቋ እናት በእጇ አየር ላይ መጥለፍ ጀመረች። «ይቺን አያቴ ታውቃት ነበር» አለች። ልጅነቷ ላይ አይታው የተወችውን አጠላለፍ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እየሞከረች፣ እየፈታች፣ እንደገና እየሞከረች አወጣችው። እኛም ከእሷ ተማርነው። ልጅቷ ድምፅዋን በስልክ ቀዳች፣ እጇን በቪዲዮ አነሳች፤ ቅጂው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ እባካችሁ ይህን አድርጉ። ትልልቆቹ እናቶች ሲያልፉ የሚሄደው ሙያ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም። ሲቀዱ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ስማቸውም አብሮ ይቀመጥ። «ባህላዊ ጥልፍ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበትን ነገር ስናይ ያመናል።

እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ለንደን ድረስ ማሰብም አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ የድሮ መጽሐፍና ጋዜጣ ያስቀምጣል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፤ የልጆች ክፍልም አለው፣ ልጅ ይዛ ለምትሄድ እናት ይመቻል። ሁሉም ውስጥ የመግቢያ ደንብ ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያልተሳካውንም ልናገር። መጀመሪያ ላይ ሥልጠና ተዘጋጀልን። አሠልጣኝ መጥቶ ስለ ሥራ ፈጠራ ረጅም ንግግር አደረገ፣ በስክሪን ጽሑፍ እያሳየ። ግማሾቻችን ማንበብ አንችልም። በሚቀጥለው ሳምንት የመጣነው ጥቂት ነን። ሴቶቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ ሥራቸውን ጥለው እንዲሰሙ ስለተጠሩ ነው። ሥራቸውን ይዘው እንዲመጡ ሲፈቀድ ግን ጠረጴዛው ሞላ። አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላው እየጠለፈ ይሰማል። ከጋዜጣ ላይ የባህል ልብስ አቅርቦት ጨረታ ሲወጣ እዚያው ይነበባል፤ የበዓል ባዛር ማስታወቂያም እንደዚያው። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት ቤት ይያዛል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ደግሞ እናት ቤት መገኘት አለባት። በዚያ መሀል ያለችው ጊዜ ናት የእኛ። ለጥበቃዎችም ንገሯቸው፦ መቀስ ይዛ የመጣች ሴት ሥራ ይዛ ነው የመጣችው፤ መዝግበው ያስገቧት።

ቤተ መጻሕፍት የማያደርገውንም ማወቅ ጥሩ ነው። ጠበቃ አይደለም። ጉዳዩ ከከበደ ወደ ሕግ ባለሙያ ነው መሄድ፤ ልጅቷም ይህን ከመጀመሪያው ነግራናለች። ገበያም አይደለም። እዚያ ተቀምጣችሁ ገና ያልሸጣችሁትን አዲስ ንድፍ ለአላፊ አግዳሚው አታሳዩ። ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ከከፈታችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ዝጉት፤ መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፣ ከአካውንታችሁ ውጡ። ከመካከላችን የአንዷን ገጽ ሌላ ሰው ገብቶበት በስሟ ብር ለምኖበታል። ከውጭ አገር አዝዣለሁ ብሎ ዕቃው ለማለፍ መጀመሪያ እናንተ ብር ላኩ የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ አትላኩ። ገዢ ነው የሚከፍለው።

ነገ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ መታወቂያ ያዙ፣ ያልገባችሁን ወረቀት ያዙ፣ አንድ የጨረሳችሁትን ሥራ ያዙ። ሥራውን ማየት ሠራተኛውን በቶሎ ያስረዳዋል፤ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ብዙ ማውራት አይጠበቅባችሁም። የሚቻል ከሆነ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። የፈተና ሰሞን ቦታ ስለማይገኝ ከፈተናው በኋላ ያለውን ጊዜ ምረጡ። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያነበበላችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።